በዱባይ ተራ ሠራተኛ ሲጎዳ ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው?

ስለ ሠራተኞች ጉዳት ካሣ መድን ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

በመርካቶ በዱባይ ተራ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ከውጭ የሚያስመጣው ዕቃ በመርከብ ላይ ሳለ የባሕር መድን ይገባለታል፤ ዕቃው መጋዘን ሲደርስ የእሳትና የስርቆት መድን ይገባለታል፤ የጭነት መኪና ያለው እንደ ሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መኪናውን መንገድ ላይ ሊያወጣ አይፈቀድለትም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ፣ ያንኑ ቦንዳ ከመኪና አውርዶ፣ በጠባቡ ደረጃ ተሸክሞ፣ ከቆጡ ላይ የሚደረድረው ሠራተኛ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር ካሣው ከየት እንደሚመጣ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ብዙው ባለ ሱቅ «ፈጣሪ ይጠብቀን» ከማለት በቀር የተዘጋጀ መልስ የለውም።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በዚያው በመርካቶ በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ የሚዘነጋ ነጋዴ አይገኝም። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር በየሱቁ ስለ መድን መነጋገር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ ሁልጊዜ ስለ ዕቃ ነው። በእሳት መድን ውል ውስጥ የጨርቁ፣ የቴሌቪዥኑና የመደርደሪያው ዋጋ ይጻፋል እንጂ የሠራተኛው እጅና እግር አይጻፍም። ለዚህኛው ሌላ ውል አለ፤ ስሙም የሠራተኞች ጉዳት ካሣ መድን ይባላል። ስለ ውሉ ከመናገር አስቀድሞ ግን ውሉን ያስፈለገውን የሕግ ግዴታ መረዳት ይገባል።

ግዴታው አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት አደጋ ኃላፊ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ከዚያም በኋላ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ተከታትለው፣ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጥቷል። በውጭው ዓለም ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884፣ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1897 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። የሐሳቡ መነሻ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ይኸውም ከሥራው ትርፍ የሚያገኝ ሰው ሥራው የሚያስከትለውን ጉዳትም ከንግዱ ወጪ እንደ አንዱ አድርጎ ይቁጠረው የሚል ነው።

ስለዚህ ነጋዴው «እኔ ምን አጠፋሁ? መሰላሉ አዲስ ነበረ፤ ልጁ ራሱ ተንሸራተተ» ቢል ይህ መከራከሪያ አያድነውም። ሕጉ የሚጠይቀው ማን አጠፋ ብሎ ሳይሆን ጉዳቱ ከሥራው የተነሣ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ነው። አሠሪው ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ እንደ ሆነ ነው፤ በተለይም አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ተላልፎ የተጎዳ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ድረስ ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት «በግልጽ የተሰጠ» የሚለውን ቃል ቀላል አድርገው በማየታቸው ነው። ባለ ሱቁ ሒሳብ እየተቀበለ ከባንኮኒው ጀርባ «ቀስ በሉ እንጂ!» ብሎ መጮኹ በዳኛ ፊት መመሪያ ተብሎ ይቆጠርልኛል ብሎ መተማመን አያዋጣም። መመሪያው ተጽፎ ከግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም ተነቦለት ቢፈርም፣ ያን ጊዜ ሊያስረዱበት የሚቻል ነገር ይሆናል።

በተቃራኒው ደግሞ አሠሪው በእርግጥ ያጠፋ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ የተላጠውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዲያስጠግን በተደጋጋሚ ተነግሮት ዝም ብሎ ሠራተኛው በኤሌክትሪክ ቢያዝ፣ በአዋጁ ከተወሰነው ካሣ በላይ በጠቅላላው ሕግ ተጨማሪ ኪሣራ ሊጠየቅ ይችላል። አዋጁ ይህን የሠራተኛውን መብት አልነካውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ በመርካቶ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ይኸው ነው። በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የተጻፈው ሻጭ ወይም ገንዘብ ተቀባይ አያከራክርም። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመሆኑም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ «ውል የለንም፣ እንዲሁ በቃል ነው ያለው» የሚለው የተለመደ አነጋገር አሠሪውን ነጻ አያወጣውም፤ ይልቁንም ማስረጃ ያሳጣዋል።

ስለ ኩሊዎች የተነሣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ በልዩ ልዩ መልክ መታየት ይኖርበታል። ከመንገድ ተጠርቶ፣ በዋጋ ተነጋግሮ፣ አንድ ካርቶን አድርሶ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ተሸካሚ በራሱ ኃላፊነት እንደሚሠራ ሰው ሊቆጠር ይችላል፤ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው አዋጁ አይመለከተውምና። በማኅበር የተደራጁ ጫኝና አውራጆች የመጡ እንደ ሆነም ነጋዴው የተዋዋለው ከማኅበሩ ጋር ነው። ነገር ግን በየማለዳው ከአንድ ሱቅ በር ላይ የሚጠብቅ፣ ባለ ሱቁ «ውጣ፣ ግባ፣ ይህን አንሣ» እያለ የሚያዘው፣ ማታም የቀኑን ሒሳብ ከዚያው ከባለ ሱቁ እጅ የሚቀበል ሰው፣ ስሙ ኩሊ ስለ ተባለ ብቻ ከሠራተኛነት አይወጣም። ዳኛው የሚመለከተው በማን ትእዛዝ ሥር እንደ ሠራና ክፍያውን ከማን እንደ ተቀበለ ነው።

ከገጠር መጥቶ በአጎቱ ሱቅ የሚያገለግለው የወንድም ወይም የእኅት ልጅም እንዲሁ ነው። ልጁ እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድሮ፣ በዓመት በዓል ልብስ ተገዝቶለት የኖረ እንደ ሆነ «ይህ ዘመድ ነው እንጂ ቅጥር አይደለም» ይባላል። ደኅና በሆነበት ጊዜ ማንም አይጠይቅም። አንድ ቀን ከመሰላል ወድቆ አልጋ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ግን ወላጆቹ ከአገር ቤት ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ደመወዝ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ክርክር ቤተ ዘመዱን ሁሉ ለሁለት ይከፍላል። ደመወዙ በግልጽ ተወስኖ ስሙ በመዝገብ ቢሰፍር ለአጎትየውም ለልጁም የተሻለ ነው።

የሥራ አደጋ የሚባለውም በሱቁ አራት ግድግዳ ውስጥ የሚደርሰው ብቻ አይደለም። በአሠሪው ትእዛዝ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የተላከ ሠራተኛ በዚያ ቢጎዳ፣ ከመደበኛው የሥራ ቦታና ሰዓት ውጭም ቢሆን፣ አደጋው የሥራ አደጋ ነው። የጭነት መኪና በሌሊት ደርሶ ከቤቱ ተጠርቶ የመጣው አውራጅም እንዲሁ ነው። በምሳ ሰዓት ለሥራው ሲል በዚያው በሱቁ ወይም በመጋዘኑ የቆየው ሠራተኛ በሕጉ የተጠበቀ ነው። ወደ ሥራ ሲመጣ ወይም ወደ ቤቱ ሲመለስ አሠሪው ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም በተከራየው መኪና የተጎዳ እንደ ሆነ አሠሪው ኃላፊ ይሆናል፤ በራሱ ወጪ በታክሲ ሲመጣ የተጎዳ እንደ ሆነ ግን በዚህ ሕግ አይጠየቅም። ከአደጋም ሌላ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ በሕጉ ታውቋል። ይህ ሰሊጥና ቡና አበጥረው ወደ ውጭ የሚልኩትን ነጋዴዎች በይበልጥ ይመለከታል፤ በአቧራ ውስጥ ውለው የሚለቅሙት ሴቶች ሳንባ ከዚህ ውጭ አይደለምና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ወሩን ሙሉ ሠርቶ 6,000 ብር የሚያገኝ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ቦንዳ ወድቆበት እግሩ ተሰበረ እንበል።

በመጀመሪያ የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ላይ ነው፤ ይኸውም የጠቅላላና የልዩ ሐኪም ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ አስፈላጊም ሲሆን ሰው ሠራሽ አካል ነው። ከዚህ ሌላ ሠራተኛው መሥራት እስኪችል ድረስ፣ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ፣ በየጊዜው ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት 50 በመቶ ነው። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ መጀመሪያ 18,000 ብር፣ ቀጥሎ 13,500 ብር፣ በመጨረሻም 18,000 ብር፣ በድምሩ 49,500 ብር ይከፈለዋል ማለት ነው። እነዚህ መጠኖች ዝቅተኛዎቹ ናቸው፤ በኅብረት ስምምነት ወይም በውል ከዚህ የበለጠ መስጠት ይቻላል፤ ያነሰ ግን አይቻልም።

ከሕክምናው በኋላ እግሩ እንደ ቀድሞው ያልዳነ እንደ ሆነ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። እዚህ ላይ መንገዱ ይለያያል። ድርጅቱ የመድን ውል ካለው ክፍያው በዚያ ይፈጸማል። የመድን ውል ሳይኖር ሠራተኛው በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ የታቀፈ ከሆነ በጡረታው ሕግ መሠረት ይስተናገዳል። በጡረታ ያልታቀፈ እንደ ሆነ ግን አሠሪው ከራሱ ኪስ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ለማይችለው የአምስት ዓመት ደመወዙ፣ ጉዳቱ ከዚያ ያነሰ ለሆነው ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን ይከፈለዋል። ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ የዓመት ደመወዙ 72,000 ብር ነው፤ የአምስት ዓመቱ 360,000 ብር ይሆናል። ቦርዱ ጉዳቱን 30 በመቶ ብሎ የወሰነ እንደ ሆነ 108,000 ብር ይደርሰዋል። የሕክምናውን ወጪ ሳይጨምር ከዓመቱ ክፍያ ጋር ሲደመር 157,500 ብር ሆነ። ለአንድ አነስተኛ ሱቅ ይህ ለአዲስ ዕቃ የተመደበ ገንዘብ ነው።

ሠራተኛው የሞተ እንደ ሆነስ? በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነ የአምስት ዓመት ደመወዙ ለጥገኞቹ ይከፋፈላል። የትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ሟቹ ይረዳው የነበረ እያንዳንዱ ወላጅ 10 በመቶ ያገኛል። ድምሩ ከመቶ ያነሰ እንደ ሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ በልኩ ከፍ ይላል፤ ከመቶ የበለጠ እንደ ሆነም በልኩ ዝቅ ይላል። ሟቹ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት እናት ትቶ እንደ ሆነ ድርሻቸው ሲደመር 90 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 360,000 ብሩ በዚሁ መጠን ተሰልቶ ለሚስቲቱ 200,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 40,000፣ ለእናቲቱም 40,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚከፈል ገንዘብ የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ በዕዳ አይያዝም፤ አሠሪውም «ካሁን ቀደም ያበደርኩህ አለ» ብሎ ሊያቻችልበት አይችልም።

ጡረታው ካለ መድኑ ምን ያስፈልጋል የሚል ነጋዴ ይኖራል። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የተጀመረው፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 የተተካው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እየተዋጣ የሚካሄድ ነው። ይህን በትክክል የሚከፍል ነጋዴ ከትልቁ ሸክም አንዱን ክፍል አራግፏል። ሆኖም የጡረታው ሕግ የሚናገረው ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሞት አበል ነው። የሆስፒታሉ ሒሳብና ሠራተኛው እስኪድን ድረስ የሚከፈለው ደመወዝ ከአሠሪው ትከሻ አይወርድም። ከዚህም በላይ በመርካቶ ከባዱን ሸክም የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት የተጠራው ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ በጡረታ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። አደጋው የሚበዛበት ሰውና ዋስትና የሌለው ሰው አንድ ሆነው ተገኙ ማለት ነው። አስመጪው ሊያስብበት የሚገባው ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

የመድን ውሉ አሠራር ከባድ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ለብዙ ጊዜ ሥራውን ብቻውን ይዞ ቆይቶ፣ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 ለግል ኩባንያዎች እንደ ገና በሩ ተከፍቷል። ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ አወዳድሮ መምረጥ ይችላል። ነጋዴው በማመልከቻው ላይ የሠራተኞቹን ብዛት፣ የሥራቸውን ዓይነትና በዓመት የሚከፍላቸውን ደመወዝ ያስመዘግባል። አረቦኑ የሚሰላው በዚህ ደመወዝ ላይ ሲሆን መጣኔው እንደ ሥራው አደገኛነት ይለያያል፤ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ የሚጽፈውና ኮንቴይነር የሚያራግፈው በአንድ መጣኔ አይታዩም።

አንዳንዱ ነጋዴ አረቦን ለመቀነስ ሲል ደመወዙን አሳንሶ፣ አሥሩን ሠራተኛ አምስት አድርጎ ያስመዘግባል። አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው የሚጠይቀው የደመወዙን መዝገብ ነው። ደመወዙ አንሶ የተነገረ እንደ ሆነ ክፍያውም በዚያው ልክ ሊቀነስ፣ ከነጭራሹም ክርክር ሊነሣበት ይችላል፤ ሠራተኛው ግን በእውነተኛው ደመወዙ መሠረት ከአሠሪው ይጠይቃል። በልዩነቱ የሚጎዳው ቆጠብሁ ያለው ነጋዴ ነው። አረቦኑን ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ቆርጦ መክፈልም ተገቢ አይደለም፤ የሚሸፈነው የአሠሪው ኃላፊነት ነውና።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛው፣ ውሉ በአዋጁ የተወሰነውን ካሣ ብቻ ነው የሚሸፍነው ወይስ አሠሪው በጥፋቱ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ኪሣራም ይጨምራል የሚል ነው። ሁለተኛው የጊዜ ሠራተኞችን ይመለከታል፤ ስማቸው ባይዘረዝርም በጠቅላላ የቀን ሒሳባቸው ሊሸፈኑ ይችላሉ ወይ? ሦስተኛው ለዱባይ ተራ ነጋዴ በተለይ የሚጠቅም ነው። ዕቃ መርጦ እንዲገዛ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንጁ የተላከ ሠራተኛ በአሠሪው ትእዛዝ ላይ ስለሆነ በሕጉ ዘንድ በሥራ ላይ ነው፤ የመድን ውሉ ግን በኢትዮጵያ ግዛት ብቻ የተወሰነ ሊሆን ይችላልና የግዛት ወሰኑ ይነበብ። የቡድን የአደጋ መድን የሚባል ሌላ ውልም አለ፤ እርሱ ሠራተኛውን ከሥራ ሰዓት ውጭም ሊጠብቀው ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ውሎች አንዱ የሌላውን ቦታ እንደማይተካ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግዴታው በአሠሪው ላይ ብቻ የተጫነ አይደለም። ሠራተኛው የተሰጠውን የመከላከያ መሣሪያ መጠቀም፣ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት ሲያይ ማስታወቅ፣ የደረሰበትንም ጉዳት ወዲያው መናገር አለበት። የሐኪም ምርመራ እምቢ ያለ ወይም ሆነ ብሎ ድኅነቱን የሚያዘገይ ሠራተኛ በየጊዜው የሚያገኘው ክፍያ ሊታገድበት ይችላል። በዚህ ገበያ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወጣቱ ሠራተኛ ሥራዬን እነጠቃለሁ ብሎ ስለሚፈራ የወገቡን ሕመም ለወጌሻ አሳይቶ ዝም ይላል። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲጸናበት ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን የሚያስረዳ ወረቀት አይኖረውም። በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ይርጋው በመሠረቱ አንድ ዓመት ስለሆነ ዝምታው ያስከፍለዋል።

አደጋ በደረሰበት ዕለት አሠሪው በቅድሚያ የመጀመሪያ እርዳታ ማስደረግ፣ ተጎጂውን በተስማሚ መጓጓዣ ወደ ቅርብ ሐኪም ቤት ማድረስና አደጋውን ሥልጣን ላለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ በሕግ ይገደዳል። ለመድን ሰጪውም ሳይዘገይ በጽሑፍ ያስታውቅ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ያዩት ሰዎች ስም በዚያው ዕለት ቢጻፍ ይበጃል፤ ከሳምንት በኋላ የጎረቤቱ ሱቅ ሠራተኛ ያየውን ይረሳል፤ ወይም ሥራ ለውጦ ይሄዳል።

በመጨረሻ ስለ ሽምግልና ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በመርካቶ አደጋ ሲደርስ ጎረቤት ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የተጎጂውን ቤተ ሰብ አጽናንተው ነገሩን መጨረሳቸው የኖረ መልካም ልማድ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን መዋጮው እርዳታ እንጂ ካሣ አይደለም። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ተብሎ በሽማግሌ ፊት የተፈረመው ወረቀትም ከሕጉ ዝቅተኛ መጠን ያነሰ ገንዘብ የተቀበሉበት እንደ ሆነ ነገሩን አልቋል ብሎ ለመተማመን አያበቃም። የመድን ውል ያለው ነጋዴ ደግሞ መድን ሰጪው ሳያውቅ በሽማግሌ ፊት ኃላፊነቱን አምኖ ገንዘብ ቢቆርጥ፣ የከፈለውን ለማስመለስ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ማስታወቂያው ለመድን ሰጪው ይድረስ፤ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔና የደመወዙ መዝገብ ግልባጭም በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅረብ። የመድን ዓመቱ ሲያልቅም በዓመቱ በእርግጥ የተከፈለው ደመወዝ፣ የቀን ሠራተኞቹ ሒሳብ ሳይቀር፣ ተደምሮ ለመድን ሰጪው ይላካል፤ ሒሳቡ ከግምቱ በልጦ ከተገኘ ነጋዴው ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል፤ አንሶ ከተገኘም በውሉ በተጻፈው መሠረት ትርፉ ይመለስለታል።